ለድመት ጥሬ ሥጋ ይሰጣል ወይ? የፒያሳ ጎረቤቶች ክርክር

የሻሼ ባለቤት፦ ጎረቤቶቼ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ሻሼ የሁለት ዓመት ድመቴ ናት። ደረቁ የድመት ምግብ ዋጋው አልቀመስ ሲል ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጥሬ ሥጋ ብቻ ነው የምሰጣት። ፀጉሯ ያብረቀርቃል። ትናንት እህቴ መጥታ «ልትገያት ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። ድመት ድሮስ ጥሬ በል አይደለችም እንዴ?

ባለ ሥጋ ቤቱ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ጠዋት በሩን ስከፍት ከደንበኛ ቀድመው የሚሰለፉት ድመቶች ናቸው። ሳንባ ቆርጬ እወረውርላቸዋለሁ። አንዷን ስምንት ዓመት አውቃታለሁ፣ አንድም ቀን የቀቀለላት የለም።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሚያዩት የተረፉትን ነው። የሞቱት መጥተው አይሰለፉም።

የእንስሳት ሐኪም፦ ሥጋ በልነቷ አያከራክርም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራም፣ ከሥጋ ነው የምታገኘው። ሲጎድላት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። ግን አይጥ የያዘች ድመት ጭኑን መርጣ አትበላም። አጥንቱን፣ ልቡን፣ ጉበቱን አንድ ላይ ነው የምትሰለቅጠው። አንቺ ምኑን ነው የምትሰጫት?

የሻሼ ባለቤት፦ ቀይ ሥጋ። አጥንት የለውም፣ ጮማውንም አወጣለሁ።

የእንስሳት ሐኪም፦ ጣጣው እሱ ነው። ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ለወራት እሱን ብቻ ከበላች ሰውነቷ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቷ ይወስዳል። ግልገል ብትሆን ቶሎ ይታይባት ነበር።

ሁለተኛ ፎቅ፦ የፋብሪካውንስ ማን አመነው? እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ የድመቶች ልብ እየደከመ ሲያስቸግር፣ ሰበቡ የተገዛው ምግብ ታውሪን ማነሱ ሆኖ አልተገኘም?

የእንስሳት ሐኪም፦ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎቹ ጨመሩበት። አንቺ ቤት ማን ይጨምርላታል?

ባለ ሥጋ ቤቱ፦ እኛስ ክትፎ ስንበላ ማን ተቆጣን? ኮሶ ሲይዘን መድኃኒቱን እንውጣለን፣ አበቃ።

የእንስሳት ሐኪም፦ የበሬ ሥጋ ኮሶ ለሰው እንጂ ለድመት አይደለም ጋሼ። እኔ የምፈራው ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያና ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ጥገኛ ተውሳክ ነው።

ጎረቤቷ ነፍሰ ጡር፦ ቶክሶ ስትል ደነገጥኩ፣ ፅንስ ይጎዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ስድስት ወሬ ነው። የሻሼ መጸዳጃ አሸዋ ደግሞ የጋራ በረንዳችን ላይ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ አትደንግጪ፣ ግን ተጠንቀቂ። ድመቷ ከጥሬ ሥጋ ወይም ከአይጥ ከያዛት፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት እንቁላሉን በዓይነ ምድሯ ታወጣለች። እንቁላሉ ወዲያው አይተላለፍም፣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ አሸዋው በየቀኑ ይጠረግ። አንቺ ግን እንዳትነኪው። አንቺም ጥሬ ሥጋ ተዪ።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ሥጋው በረዶ ቤት ቢያድርስ?

የእንስሳት ሐኪም፦ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ለጥቂት ቀናት ከቆየ ቶክሶውን ባብዛኛው ይገድለዋል። ሳልሞኔላን አይገድልም። መብራት ሄዶ ከቀለጠ ደግሞ አስቡት።

እትዬ፣ ምድር ቤት፦ ልጆቼ፣ ሁዳዴ ሲገባ ምን ልታበሏት ነው? 55 ቀን ሥጋ ቤት ዝግ ነው። የኔዋ ወጥ እየበላች ስንቱን ወልዳለች።

የእንስሳት ሐኪም፦ እትዬ፣ ወጡ ይቅር። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ደሟን ይጎዳል። የሻሼ ባለቤት፣ ዋናው ደረቁ ምግብ ይሁን። ሥጋው በላዩ ጭማሪ ነው፣ ያውም ተቀቅሎ። ታውሪን በውሃ ስለሚሟሟ መረቁን አትድፊው። የተቀቀለ አጥንት ግን በፍጹም፣ ይሰነጠቅና አንጀቷን ይወጋል።

የሻሼ ባለቤት፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። የዶሮ ልብ ቀቅዬ በደረቁ ምግብ ላይ ከነመረቁ አፈሰስኩላት። አሸተተችው። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጅራቷን አቁማ በደረጃው ወረደች።

ባለ ሥጋ ቤቱ፦ እዚህ ደርሳለች። ሳንባ ላይ ናት።