ተማሪው «አልቻልኩም» ብሎ ሲመጣ ቀጠሮው፣ ምስጢሩና ፈተናው እንዴት ይያዛል?

ጥቁር ሰሌዳ
የተማሪዎች አካዳሚክ አማካሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ጥያቄዬም የአሠራር ነው። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ከክፍል መቅረት ያበዛ ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ «አልቻልኩም» ሲል፣ «ምክር አገልግሎት ሂድ» ከማለት ያለፈ ምን ላድርግለት? ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ከተባለ እስከዚያ ምን ይሆናል? እዚያ የሚናገረውስ ዲፓርትመንት ወይም ቤተሰብ ጆሮ ይደርሳል? ደግሞ ብዙዎቹ «ክትትል ላይ ነኝ» ካሉ ፈተናው በራሱ የሚዘገይላቸው ይመስላቸዋል።

አዳማጭ
ከመጨረሻው ልጀምር፣ ትልቁ ጉዳት የሚመጣው በእሱ ነውና። የምክር አገልግሎቱ መዝገብና የትምህርቱ መዝገብ አይገናኙም። ተማሪው እኛ ምክር አገልግሎቱ ጋ ስድስት ጊዜ ቢመላለስም ሬጅስትራር የሚያውቀው ነገር የለም፤ እንዳያውቅም ተብሎ ነው የተለያዩት። ምስጢር ሲጠበቅ ማንም ተነስቶ ለመምህሩ አይነግርለትም ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በር በአንድ ቀን ያንኳኳ። «መጀመሪያ ልዳን፣ ከዚያ ስለ ፈተናው አስባለሁ» የሚል ተማሪ ሲሻለው የማመልከቻው ቀን አልፎ ያገኘዋል።

ወደ ቀጠሮው ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ግንኙነት አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና አይደለም፤ ማን አስቸኳይ እንደሆነ የሚለይበት አጭር ውይይት ነው። ችግሩ ተማሪዎች ቅጹ ላይ «ትንሽ ስትረስ» ብለው ጽፈው ይሄዳሉ። የሚለየው ሰው የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ ስለዚህ ወረፋቸው ወደ ኋላ ይገፋል። ከመላክዎ በፊት አብረውት ይጻፉ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ በሳምንት ስንት ሌሊት አይተኛም፣ ስንት ክፍል አመለጠው፣ ምን ምን ማድረግ አቆመ። «በጣም ከፍቶኛል» ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ «ከአምስት ቀን አራቱን ክፍል አልገባሁም» የሚለው ወረፋውን ያስቀድመዋል።

ሁለት መጠይቅ ሊሰጠው ይችላል። ፒኤችኪው-9 ስለ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ ሲሆን እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይያዛል፤ ከፍተኛው ድምር 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በደንብ መመርመር አለበት፣ ከ20 ጀምሮ ከባድ ይባላል። ጋድ-7 ደግሞ ስለ ጭንቀት ሲሆን ከፍተኛው ድምር 21 ነው። ሁለቱም ማጣሪያ እንጂ የበሽታ ስም መስጫ አይደሉም። የፒኤችኪው ዘጠነኛ ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። ተማሪዎች ፈርተው «0» የሚያደርጉበት ይህንኑ ነው፤ ጠቅላላ ውጤቱ ዝቅተኛ ቢሆን እንኳ እዚያ ላይ «1» ያለ ሰው ለብቻው ይጠየቃል።

ሦስት ሳምንት ከተባለ ዝም ብሎ አይጠብቅ። የቀረ ሰው ካለ እንዲጠሩት ስሙን ያስመዝግብ፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት ቦታ ይከፈታል። የቡድን ውይይት ካለ ወረፋው አጭር ነው። ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ሰዓት እንዳለም ይጠይቅ። ሌላው በመጀመሪያው ቀን የሚጠየቅ ነገር፦ በዓመት ስንት ጊዜ ይፈቀዳል? አንዱ ክፍለ ጊዜ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ነው፤ ብዙ ቦታ ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ ረጅም ክትትል የሚያስፈልገው ሰው መሀል ላይ ከሚቋረጥበት ከወዲሁ ወደ ሌላ ተቋም ቢላክ ይሻላል።

ምስጢርን በተመለከተ፣ ያለ ፈቃዱ ለዲፓርትመንትም ለወላጅም አይነገርም። የተለመዱት ልዩ ሁኔታዎች በራሱ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ቅርብ አደጋ ሲኖር፣ ሕፃን ላይ ጥቃት ሲደርስና ፍርድ ቤት ሲያዝ ናቸው። ዝርዝሩ ከሕግ ሕግ ይለያያል፤ ፈርሙ የሚባለው ቅጽ ላይ ስለሚገኝ ሳያነብ አይፈርም።

ነጭ ጋውን
የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስ ነኝ። ሁሉም ጉዳይ ወረፋ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀውንና የማይጠብቀውን ለመለየት በቀጥታ መጠየቅ ነው፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቁን ሸክሙን ያቀልለታል። «እንደዚህ ዓይነት የሞኝ ነገር አታስብም አይደል?» ብለው ከጠየቁት ግን መልሱን ራስዎ ሰጡት ማለት ነው። አዎ ካለ፣ እንዴትና መቼ ብሎ አስቧል? ያሰበበት ነገር እጁ ላይ ነው? ዕቅድ ካለው ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል፣ እስከዚያ ብቻውን አይቀመጥም፣ ያሰበበትም ነገር ከአጠገቡ ይወሰዳል። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል እንዳይገቡ። ያንን ቃል መጠበቅ አይችሉም።

እንቅልፍ የለውም ሲባል ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ። ደክሞት የማይተኛ አለ፤ ለቀናት ሳይተኛ ጭራሽ የማይደክመው፣ ንግግሩ የፈጠነ፣ ገንዘብ የሚበትንም አለ። ይህኛውና ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው የሚያስፈልገው ሳይካትሪስት ነው፣ ምክር ብቻ አይበቃውም። የፀረ ድባቴ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ያለ ወቅት አሳልፎ ከሆነ ወይም በቤተሰብ ካለ ለሐኪሙ ይንገር፤ መድኃኒቱ ብቻውን ሲሰጥ ያንን ሁኔታ ሊቀሰቅሰው ይችላል። የታይሮይድ ችግርና የደም ማነስም ድባቴ ስለሚመስሉ የደም ምርመራ ቢታዘዝ አይገረም።

መድኃኒቱ በአብዛኛው ለውጥ የሚያሳየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው፣ ሙሉ ውጤቱ ከ6 እስከ 8 ሊወስድ ይችላል። ማቅለሽለሹና መቅበጥበጡ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው። ዕድሜው ከ25 በታች ከሆነ በነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይብስበት በቅርብ መታየት አለበት። ተሻለኝ ብሎ በአንድ ጊዜ ማቆምም ማዞርና ንዴት ያመጣል፤ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ነው።

የሬጅስትራር ወንበር
ከደብዳቤው ብጀምር፣ «ክትትል ላይ ይገኛል» የሚል ወረቀት ለእኛ ምንም አይጠቅመንም። የበሽታው ስም አያስፈልግም፣ ባይጻፍም እመርጣለሁ። የሚያስፈልገው ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ማድረግ እንዳልቻለ፣ ምን እንደሚጠየቅለት (ተጨማሪ ሰዓት፣ የተለየ ክፍል፣ ሜክ አፕ ፈተና)፣ ከዚያ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ነው።

ከፈተና በፊት የመጣ ጥያቄ ቀላል ነው። ፈተናው ላይ ተቀምጦ ከወደቀ በኋላ ውጤት ማሰረዝ ግን ኮሚቴ ይሄዳል፣ ያኔ እንዳልቻለ በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ ይጠየቃል። ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) የሚሞላ ካለ ከመፈረሙ በፊት ዶርሙና ስኮላርሺፑ ምን እንደሚሆን ይጠይቅ፤ ኮርስ ብቻ መቀነስም የሙሉ ጊዜ ተማሪነቱን ሊያሳጣው ይችላል። ለመመለስ «ዝግጁ ነው» የሚል ደብዳቤ የሚጠይቁ ተቋማት ስላሉ መመለሻውን የሚጠይቀው በሚወጣበት ቀን ነው።

ጥቁር ሰሌዳ
እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ቀረኝ፦ አልሄድም ካለስ?

አዳማጭ
አደጋ ከሌለ አይገደድም። ምን እንደፈራ ይጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ «ፋይሌ ላይ ይገባል» ወይም «እብድ ነው ይሉኛል» ነው፣ ለመጀመሪያው ከላይ የተባለውን ይንገሩት። ስልኩን ከእርስዎ ቢሮ፣ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው እሱ ራሱ ይደውል። ካልፈለገ የሚያገኙትን ቀን ቆርጠው ይለያዩ። እርስዎ ደግሞ ስሙን ሳይጠሩ እኛን ማማከር ይችላሉ፤ ለዚያ ፈቃዱ አያስፈልግም።