የኮሮላ ፍሬን ማስተር እቤት መቀየር፦ ፔዳሉ ተይዞ እያለ ይሰምጣል

ኮሮላ04 ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ2004 ኮሮላ ናት፤ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ሲስተም) የላትም፣ ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር። መብራት ላይ ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ይሰምጣል፤ ሲደገም ከፍ ይላል። ዘይቱ አልጎደለም፣ በጎማዎቹም በኩል እርጥበት የለም። ጥፋቱ ማስተር ሲሊንደሩ (የእግር ርግጫን ወደ ዘይት ግፊት የሚቀይረው) መሆኑን ሳልፈታ በምን አረጋግጣለሁ? የውስጡ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ) ብቻ ይበቃል ወይስ ሙሉውን ልቀይር? ሞርሳ፣ ክሪክና ቁልፎች አሉኝ።

ባለሞርሳ፦

መጀመሪያ ሰርቮውን (በሞተሩ ቫኪዩም፣ ማለትም በአየር ስበት፣ እግርህን የሚያግዘውን) ከጥርጣሬ አውጣው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ እየረገጥክ ቫኪዩሙን ጨርስ፤ ከዚያ ረግጠህ እንደያዝክ ሞተሩን አስነሳ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ከቆመ ሰርቮው ደህና ነው። ይህንን መውረድ የማስተር ብልሽት እየመሰላቸው ጤነኛ ማስተር የሚጥሉ አሉ።

አሁን ሞተሩን አጥፋና እንደገና ቫኪዩሙን ጨርሰህ ፔዳሉን በመካከለኛ ጉልበት አንድ ደቂቃ ያዝ። መስመጡን ከቀጠለ፣ በውጭም የሚያንጠባጥብ ከሌለ፣ ዘይቱ በፒስተኑ ጎሚኒ ጎን እየሾለከ ወደ ዘይት መያዣው እየተመለሰ ነው። በኃይል ሲረገጥ ይዞ በቀስታ ሲረገጥ ብቻ ቢሰምጥም እንዳትሸወድ፤ ጎሚኒው ግፊት ሲበዛበት ከግድግዳው ጋር ስለሚጣበቅ ነው።

ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ የሚነሳ፣ በሁለተኛው ርግጫ ከፍ ብሎ ግን የማይሰምጥ ፔዳል ሌላ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የኋላው ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ ይዞ የሚያቆመው) ከታምቡሩ ርቋል። እሱ በማስተካከል ይድናል።

አንድ ነገር ጨምር፦ ማስተሩ ከሰርቮው ጋር የሚገናኝበትን ሥር በጣትህ ዳብሰው። እርጥብ ከሆነ ወይም የሰርቮው ቀለም ከተላጠ የኋላው ጎሚኒም አልቋል። በዚያ በኩል የሚሄድ ዘይት መሬት ላይ አይታይም፤ ሰርቮው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሲብስም ሞተሩ እየሳበው በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል።

ዳዶ12፦

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፣ ሰው የሚሳሳተው ሦስት ቦታ ነው፦ ቧንቧው ዳዶ ላይ፣ አየር ማስወጣቱ ላይና የሰርቮው ዘንግ (የማስተሩን ፒስተን የሚገፋው) ላይ።

ያልተከፈተ አንድ ሊትር ዶት 3 ወይም ዶት 4 የፍሬን ዘይት ያዝ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። አሮጌውን ዘይት በሲሪንጅ ምጠጠው፣ የዘይት መጠን ሴንሰሩን ሶኬት ንቀል፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፍ። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ እጠበው።

የቧንቧዎቹ ዳዶ 10 ቁጥር ነው። ተራ ክፍት ቁልፍ ጠርዙን ይላጨዋል፣ ከዚያ ቧንቧ መቀየር ይመጣል። ለቧንቧ ተብሎ የተሠራውን፣ ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዘውንና ለቧንቧው ማለፊያ ብቻ ክፍት የሆነውን ቁልፍ ግዛ። ማስተሩን የያዙት ሁለት ዳዶዎች 12 ቁጥር ናቸው፤ ከመፍታትህ በፊት ቫኪዩሙን በፔዳሉ ጨርስ። በማስተሩና በሰርቮው መካከል ክብ ጎሚኒ አለ። አዲሱ ላይ ከተረሳ ሰርቮው አየር ይስባል፣ ፔዳሉ ይጠጥራል፣ ሞተሩም ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይሰጠው) ይንገጫገጫል።

አዲሱን ማስተር መኪናው ላይ ሳይሆን ሞርሳ ላይ አየሩን አስወጣው። ሞርሳው የሚይዘው የማስተሩን ጆሮ (ከሰርቮው ጋር የሚታሰርበትን ፍላንጅ) ነው፤ ገላውን ከጨመቅከው ሲሊንደሩ ይጣመማል። ከሁለቱ መውጫዎች አጫጭር ቱቦ ወደ መያዣው መልስ፣ ጫፎቹ ዘይት ውስጥ እንደተነከሩ ይቆዩ። ፒስተኑን በደንዳና ዘንግ ቀስ ብለህ ግፋ፣ ቀስ ብለህ ልቀቅ። አረፋው እስኪጠፋ ቀጥል። ይህንን የዘለለ ሰው ጎማዎቹ ላይ ግማሽ ቀን ቢለፋም ፔዳሉ ስፖንጅ እንደሆነ ይቀራል።

ስትገጥም ማስተሩ ገና ላላ እያለ የቧንቧዎቹን ዳዶ በጣትህ አስጀምር፣ ጥርሱ እንዳይበላሽ። ማስተሩን 13፣ የቧንቧውን ዳዶ 15 ኒውተን ሜትር አጥብቅ። ከዚያ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሮ አየር ይወጣል፦ መሪዋ በግራ ከሆነ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። አንዱ ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ጎማው ጋ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ከፍቶ ይዘጋል፣ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቃል። መያዣው ባዶ ከሆነ ሥራው ሁሉ ከሀ ይጀመራል።

የካሳንቺስ ጋራዥ፦

ጎሚኒ ብቻ ስለመቀየር፦ መልሱ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ዘይቱን ጠርገህ በባትሪ መብራት እይ። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ በጥቂት ቀን ይበላል። ገላው አሉሚኒየም ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት አትንካው፤ ጠንካራው የላይ ሽፋን ይነሳል። ንጹሕ ከሆነ ጎሚኒ መቀየር ይቻላል፣ ግን ማጠቢያው ንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት የነካው ጎሚኒ ያብጣል።

ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ስትገዛ ገላው ላይ የተጻፈውን የሲሊንደሩን የውስጥ ዲያሜትር ቁጥር ከአሮጌው ጋር አመሳስል። 13/16 ኢንች 20.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ 7/8 ደግሞ 22.2። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ የፒስተኑ የፊት ስፋት 16 በመቶ ይጨምራል፤ ለተመሳሳይ ግፊት እግርህ ያንኑ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠየቃል። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ የሰርቮውም እገዛ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ትልቅ ማስተር እዚህ ይበልጥ ይጠጥራል።

ለአገር ቤት መንገድ ዶት 4 ይሻላል። እርጥበት የጠጣ ዶት 3 በ140 ዲግሪ፣ ዶት 4 በ155 መፍላት ሊጀምር ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ረጅሙ ቁልቁለት ሲወረድ ልዩነቱ ይታወቃል።

ኮሮላ04፦

ሙሉውን ቀይሬ ሁሉም ተገጠመ፣ ፔዳሉም ከፍ ብሎ ጠንካራ ነው። ግን አሥር ደቂቃ ከተነዳች በኋላ አራቱም ጎማ ይግላሉ፣ መኪናዋ ሳትረገጥ ትይዛለች። ሲቀዘቅዝ ይለቃል።

ዳዶ12፦

የሰርቮው ዘንግ ረዝሞብሃል። ፒስተኑን በትንሹ ገፍቶ ስለያዘው የዘይቱ መመለሻ ቀዳዳ ተዘግቷል፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲሰፋ መሄጃ አጥቶ ሸራውን ይገፋል። እንደያዘች ሞተሩን አጥፋ፣ ቫኪዩሙን ጨርስ፣ ማስተሩን የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ጥቂት ጥርስ አላላቸው። ጎማዎቹ በዚያው ከተለቀቁ ጥፋቱ ዘንጉ ነው።

ማስተሩን አውጣና የአዲሱንና የአሮጌውን ፒስተን ጉድጓድ ጥልቀት ከፍላንጁ ፊት በቬርኒየር ለካ። አዲሱ 1 ሚሊ ሜትር ከቀነሰ የዘንጉን ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር አስገባው። ከዚያ በላይ አታሳጥር፣ ፔዳሉ ባዶ መንገድ ይበዛበታል። ሳይስተካከል ግን አትንዳት፤ ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ በአንዴ ወለል ሊነካ ይችላል።

ባለሞርሳ፦

ዳዶዎቹ ላልተው ካልለቀቀች ደግሞ ከፔዳሉ በኩል ያለውን ዘንግና የፍሬን መብራቱን ስዊች እይ። ስዊቹ ፔዳሉን ገፍቶ ከያዘው ውጤቱ ያው ነው። ፔዳሉ በእጅ ሲነካ ከ1 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነፃ ጨዋታ ይኑረው።