አምፖል ቆጥሮ ሂሳብ ማካፈል ልክ ነው?

ተከራይዋ፦
ሰላም ወገኖች። ግቢያችን ውስጥ 3 ተከራዮች ነን፣ ቆጣሪው አንድ ነው። አከራያችን እትዬ የመብራት ሂሳቡን የሚያካፍሉን አምፖል ቆጥረው ነው። እኔ ጋ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ 4 አሉ። ጎረቤቴ ያላት አንድ ብቻ፣ ያቺ የድሮዋ ባለ ሽቦ፣ 100 ዋት። እና የሷን 4 እጥፍ እከፍላለሁ! እትዬ "አምፖል ያው አምፖል ነው፣ ልጄ" ይሉኛል። እንዴት ላስረዳቸው?

መብራት ሠራተኛው፦
እህቴ፣ ያንቺ 4ቱ ተደምረው 36 ዋት ናቸው። በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ በወር 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ። የጎረቤትሽ ብቻዋን 15። የድሮው አምፖል ሽቦው ግሎ ነው የሚያበራው። ከሚበላው ውስጥ ብርሃን የሚሆነው ከመቶ 5 ገደማ ነው፣ የቀረው ሙቀት ነው። ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች የሚወዱት ለዚሁ ነው።

በወሬ ግን አያምኑሽም። እኔ ደንበኛ ሲከራከረኝ ቆጣሪው ስር አቆመዋለሁ። ዲጂታል ከሆነ ፊቱ ላይ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። በግቢው ያለው ሁሉ ይጥፋ፣ ፍሪጅም ይነቀል። መጀመሪያ ያንቺን 4 ብቻ አብሩና ብልጭታውን 10 ደቂቃ ቁጠሩ። ከዚያ የሷን ብቻ። የሷ ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። እትዬ ራሳቸው ይቁጠሩ፣ አንቺ ዝም በይ።

የመርካቶው ልጅ፦
ጥምዝምዙ ቆጣቢ አምፖልስ? እናቴ ቤት አሁንም አለ።

መብራት ሠራተኛው፦
የድሮው በ60 ዋት የሚሰጠውን ብርሃን እሱ በ14 ገደማ፣ ኤልኢዲ በ9 ይሰጣል። እስኪቃጠል ይሥራ፣ ምን አለበት። ከተሰበረ ግን ውስጡ ሜርኩሪ አለ፤ መስኮት ክፈቱ፣ ስብርባሪውን በባዶ እጅ አትልቀሙ።

ባለ ጓዳ፦
ቆይ፣ ስለ አምፖል ትጨቃጨቃላችሁ፣ ምጣዱ የማን ነው?

ተከራይዋ፦
የእትዬ። በሳምንት ሁለቴ ይጋግራሉ።

መብራት ሠራተኛው፦
በሉ እንግዲህ! ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ከጋለ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት በላ። ያንቺ 4 አምፖሎች የወር ፍጆታ በአንድ ጋገራ ሄደ ማለት ነው።

ተከራይዋ፦
እሱንስ አላነሳም፣ ትኩስ እንጀራ የሚልኩልኝ እሳቸው ናቸው። የቆጣሪውን ግን ቅዳሜ ማታ እሞክራለሁ።