የውጭ ምደባና የባለቤቴ ሙያ

ጥያቄ፦
በቅርቡ በሦስተኛ ጸሐፊነት (በጀማሪ ዲፕሎማት ማዕረግ) የመጀመሪያ የውጭ ምደባዬን እጠብቃለሁ። ባለቤቴ የጥርስ ሐኪም ናት። እዚያ ሙያዋን መቀጠል ትችል እንደሆነ፣ የኤምባሲ ሥራ አብዛኛው ጊዜም በምን እንደሚያልፍ በሥራው ያለፋችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦
የባለቤትዎን ጉዳይ ከመሄድዎ በፊት ያጣሩ። የ1961 የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 42 ለግል ጥቅም የሚደረግ የሙያና የንግድ ሥራን የሚከለክለው ዲፕሎማቱን ራሱን ነው። የትዳር ጓደኛ ሥራ ግን በተቀባዩ አገር ሕግና ሁለቱ መንግሥታት ባደረጉት ስምምነት የሚወሰን ሲሆን፣ ስምምነት ካለም አብዛኛውን ጊዜ ከሥራው የሚነሳ የፍትሐ ብሔር ክርክር ቢያጋጥማት ያለመከሰስ መብት አይሸፍናትም፤ ግብርም ትከፍላለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሐኪምነት ፈቃዷ እዚያ ተቀባይነት ማግኘት አለበት፤ ብዙዎችን የሚያቆመው ይህ ነው።

መልስ 2፦
ሥራውን በተመለከተ፣ ከውጭ የሚታየው ግብዣና ሰላምታ ቢሆንም ቀኑን የሚጨርሰው ጽሕፈት ነው። ከአንድ ባለሥልጣን ጋር ተገናኝተው ሲመለሱ ማስታወሻው ሳያድር ይጻፋል፦ ምን አለ፣ ምን ተብሎ ተጠይቆ ዘለለው፣ ከዚያም በተለየ አንቀጽ የእርስዎ ግምት። ሰውየው ያለውንና እርስዎ የገመቱትን ቀላቅሎ የሚልክ ጀማሪ በዋናው መሥሪያ ቤት አመኔታ ቶሎ ያጣል። አነስተኛ ኤምባሲ ከደረስዎት ደግሞ ፓስፖርት የጠፋበትን፣ የታሰረውን ዜጋና የሟች ቤተሰብን ጉዳይ እርስዎው ይይዛሉ።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ያለመከሰስ መብት የተባለው ለእኔስ ምን ያህል ዋስትና ነው?

መልስ 3፦
መብቱ የእርስዎ ሳይሆን የመንግሥትዎ ነው፤ በዚያው የቪየና ስምምነት አንቀጽ 32 መሠረት መብቱ ይቅር ብሎ ሊተወው የሚችለውም ላኪው መንግሥት ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው አንቀጽ 9 ነው፤ ተቀባዩ አገር ምክንያት ሳይገልጽ በማንኛውም ጊዜ ተፈላጊ አይደለህም ብሎ ወደ አገርዎ እንዲመለሱ ሊያደርግዎት ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ሁለቱ መንግሥታት ሲጣሉ እንጂ በግል ጥፋት ብቻ የሚመጣ ስላልሆነ፣ ባለቤትዎ የአገር ቤት የሙያ ፈቃዷን በየጊዜው ብታሳድስ መልካም ነው።