የአደጋ ጊዜ መጠለያ የሚጠቁም አፕ እየሠራን ነው፣ ምን ላይ እናተኩር?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ አፕ ጀምረናል። ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ሰደድ እሳት ሲመጣ ሰው ስልኩን ከፍቶ አቅራቢያው ያለውን መጠለያ እንዲያገኝ ነው ሐሳባችን። እስካሁን ካርታው ይከፈታል፣ ነጥቦቹ ይታያሉ፣ አንዱን ስትነኩት ርቀቱን ይነግራችኋል። ፍላተር በሚባል የአፕ መሥሪያ ነው የሠራነው፣ ዳታው ስልኩ ላይ ሳይሆን በኢንተርኔት በሚገኝ ሰርቨር ላይ ነው።

አሁን ግን አልተስማማንም። አንዱ ጓደኛዬ ቻት እንጨምር፣ አካውንት መክፈቻ እንጨምር ይላል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያለው ራሱ በጭንቅ ሰዓት ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ልጅ ታቅፎ ዝናብ ውስጥ የቆመ ሰው የእኛን አፕ አምኖ ሄዶ በሩ ተቆልፎ ቢጠብቀውስ? የምታውቁት ካለ ምንም ሳትደብቁ ንገሩኝ።

ካርታ_ሠሪ፦
ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ ቻቱን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ኔትወርክ የለም ብላችሁ አስባችሁ ሥሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን በመታ ማግስት ከደሴቲቱ የሞባይል አንቴናዎች 95 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጪ ነበሩ። ዳታችሁ ሰርቨር ላይ ብቻ ካለ፣ አፑ ከምንም ጊዜ በላይ በሚፈለግበት ቀን ባዶ ስክሪን ነው የሚያሳየው።

ማስተካከሉ ያን ያህል ከባድ አይደለም። አንድ መጠለያ ማለት ስም፣ ቦታውን የሚያሳዩ ሁለት ቁጥሮችና ጥቂት ምልክቶች ነው። አንድ ሺህ መጠለያ ብትመዘግቡ እንኳ በስልክ ከምናነሳው አንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ስልኩ ውስጥ ኤስኪውላይት በሚባል ትንሽ የዳታ ማስቀመጫ አኑሩት፣ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ራሱ ይታደስ። ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የሚጎድለው ከነጥቦቹ ሥር ያለው ካርታ ነው። ለእሱ ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ነፃ የዓለም ካርታ ጥሬ ዳታውን ወስዳችሁ የምትፈልጉትን አካባቢ ብቻ ቁረጡና ቀድሞ እንዲወርድ አድርጉ። ከእነሱ ሰርቨር የካርታ ምስሎችን በጅምላ እንዳታወርዱ ብቻ፣ ደንባቸው አይፈቅድም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ርቀቱን የምታሰሉት በቀጥታ መስመር ነው ወይስ በመንገድ?

ጀማሪዋ፦
በቀጥታ መስመር።

ካርታ_ሠሪ፦
እንግዲያው 400 ሜትር ብላችሁ የጠቆማችሁት መጠለያ ከሞላ ወንዝ ማዶ ሊሆን ይችላል። በእግር መንገድ አስሉት። ካልቻላችሁ ቢያንስ ሦስት አማራጭ በተለያየ አቅጣጫ አሳዩ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ያውቃል።

አደጋ_ጥናት፦
እኔ ደግሞ "መጠለያ" በሚለው ቃል ላይ ልቁም። አሁኑኑ ሮጠው ነፍስ የሚያድኑበት መሸሻ አለ፣ አደጋው ካለፈ በኋላ ለቀናት የሚያድሩበት መጠለያ አለ። ሁለቱን በአንድ ቀለም ነጥብ ካሳያችሁ ሰው ልታስገድሉ ትችላላችሁ፣ እያጋነንኩ አይደለም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 የጃፓኑ ሱናሚ ሲመጣ ካማይሺ በሚባል ከተማ ብዙ ነዋሪዎች ሸሽተው አንድ ሕንፃ ውስጥ ገቡ። የሕንፃው ስም ራሱ የአደጋ መከላከያ ማዕከል ነበር፣ የማምለጥ ልምምድም እዚያው ተደርጎ ያውቃል። ለሱናሚ መሸሻ ተብሎ የተመረጠ ቦታ ግን አልነበረም። ውሃው ገባ፣ ከ100 በላይ ሰዎች እዚያ እንዳለቁ ይገመታል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2013 ሕጓን ስታሻሽል መሸሻና መጠለያን ለየቻቸው፣ መሸሻዎቹም ለየትኛው አደጋ እንደሚሆኑ ተለይተው እንዲመረጡ አደረገች። እናንተም እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ለጎርፍ ይሆናል፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ አይሆንም የሚል ምልክት አድርጉ። አፑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቀው "አደጋው ምንድነው?" ይሁን።

በር_ላይ፦
ልጆች፣ እኔ ኮድ አልችልም። ጎርፍ ጊዜ መጠለያ በር ላይ ቆሜ ሰው ስመዘግብ ያደርኩ ሰው ነኝ። ጠዋት የመጠለያዎች ዝርዝር በየስልኩ ተሰራጨ፣ የእኛም ስም አለበት። ሲመሽ ሞላን። ዝርዝሩን ግን ያስተካከለው የለም፣ ስለዚህ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት መምጣቱን አላቆመም፣ እናቱን አዝሎ የመጣ አንድ ሰው ነበር፣ ቦታ የለም ብዬ ወደ ሌላ ላክሁት፣ እዚያኛው ጋ ቦታ ይኑር አይኑር ግን እኔም አላውቅም ነበር። ዛሬም ፊቱ ይታየኛል።

ስለዚህ "ክፍት ነው" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። መቼ እንደተረጋገጠ ጻፉ። ከ20 ደቂቃ በፊት ክፍት የነበረና ከሁለት ቀን በፊት ክፍት የነበረ አንድ አይደሉም፣ ሰው አይቶ ይወስን። የሚያድሰው ደግሞ በሩ ላይ ያለው ሰው ይሁን። ፎርም ሙላ አትበሉት፣ ጊዜ የለውም። ቦታ አለ፣ እየሞላ ነው፣ ሞልቷል፣ ተዘግቷል፤ አፑ ላይ የሚነካቸው አራት ቁልፎች ይበቁታል።

በር ላይ ሰው ምን እንደሚጠይቀኝ ታውቃላችሁ? ዊልቸር ይገባል? ኢንሱሊኔን የማስቀምጥበት ፍሪጅ አለ? ለሴቶች ለብቻ ሽንት ቤት አለ? ከብቶቼስ? የመጨረሻውን እንዳትንቁት። እንስሳቴን ጥዬ አልሄድም ብሎ ውሃው መሃል የሚቀር ሰው አለ። ባንግላዴሽ ውስጥ ለዚሁ ሲባል ከብት የሚወጣበት ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ይሠራሉ።

ቴክስት_ብቻ፦
ስማርትፎን የሌለውንም አስቡ። ኢንተርኔት ጠፍቶ ቴክስት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ሰዎች 4636 ወደሚል አጭር ቁጥር የድረሱልን መልእክት ይልኩ ነበር፣ በጎ ፈቃደኞች ክሪኦል ከሚባለው የአገሬው ቋንቋ እየተረጎሙ ካርታ ላይ ያስቀምጡት ነበር። የእናንተም ሰርቨር ለቴክስት በቴክስት ይመልስ። በአማርኛ ስትጽፉ ግን አንድ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፣ በላቲን ፊደል 160 ነው። ስለዚህ ሰላምታውን ተዉትና የመጠለያውን ስም፣ አቅጣጫውን፣ የተረጋገጠበትን ሰዓት ብቻ ላኩ። የሰዎቹን መገኛ ደግሞ ሰርቨር ላይ አታከማቹ፣ ለማንም አይጠቅምም፣ እጁ የገባ ሰው ግን ሊጎዳበት ይችላል።

ጀማሪዋ፦
ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ለጓደኞቼ ሙሉውን አነበብኩላቸው። ቻቱም አካውንቱም ወጥቷል። መሸሻና መጠለያን በሁለት ቀለም እየለየን ነው። ቅዳሜ ስልኮቻችንን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገን በእግራችን እስከ አንዱ መጠለያ ድረስ እንሄዳለን። በር_ላይ፣ አራቱን ቁልፎች ስንጨርስ ለእርስዎ ብንልክልዎ ያዩልናል?

በር_ላይ፦
ላኩልኝ፣ በደስታ። ቁልፎቹን ግን ትልልቅ አድርጓቸው። በዚያ ሰዓት እጃችን እርጥብ ነው።