እጅ መታጠቡና ምግቡ ተደራርቦባታል፣ ከየቱ እንጀምር?

ሰላም፣ ከባህር ዳር ነው የምጽፈው። ታናሽ እህቴ 19 ዓመቷ ነው፣ ኦሲዲ (የሚያስጨንቅ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያሠራ የአእምሮ ሕመም) ነው ከተባለች ዓመት ሊሞላት ነው፣ መጀመሪያ እጅ መታጠብ ብቻ ነበር አሁን ግን እንጀራውን እኩል እኩል ቆርሳ ቆጥራ ነው የምትበላው፣ ቁጥሩ ከተዛባባት ወይ ሰው ከነካባት ትታው ትነሳለች፣ በዛ ላይ ወፈርኩ ትላለች። ድሮ የጣና አሳ ጥብስ ሲቀርብ የሚቀድማት አልነበረም። በሁዳዴ ነው የባሰባት፣ ፋሲካ አለፈ እሷ ግን አልተመለሰችም፣ እማዬ እኮ ጾመኛ ሆነችልኝ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ጸበልም ወስደናታል። ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን የኦሲዲ መድኃኒት 20 ሚሊግራም ከጀመረች 7 ሳምንቷ ነው፣ መታጠቡ ትንሽ ቀነሰ፣ ምግቡ ግን ያው ነው፣ የወር አበባዋም ከቀረ 3 ወር ሆነው። ኢአርፒ የሚባለውን፣ የፈራችውን ቀስ በቀስ መጋፈጥ ማለት ነው፣ አንብቤ እቤት ሞከርኩት፣ ሳትቆጥሪ ብይ አልኳት፣ አልቅሳ ሁለት ቀን ምንም አልቀመሰችም፣ ፈርቼ ተውኩት። አንዱ ሐኪም ሰውነቷ እንዲህ ከስቶ መድኃኒቱም በደንብ አይሠራም፣ መጀመሪያ ክብደቷ ይመለስ ይላል፣ ሌላው ሁለቱም አብረው ይታከሙ ይላል። ሁለቱን ያሳለፋችሁ ወይ ያከማችሁ፣ ኢአርፒውን ከምግቡ ጋር አሁኑኑ ያስጀምሯት ወይስ ክብደቷ እስኪመለስ እንጠብቅ?