የእድር መዝገቡን ኮድ ለአፓቺ ስለመስጠት፦ ረቂቁ ላይ አስተያየት

ሰብሳቢዋ፦ እስከ ቅዳሜ አንብባችሁ ጨርሱ። ኮዱን በሙሉ፣ መዋጮውንም ቅጣቱንም የሐዘን ክፍያውንም፣ ነጻ ሶፍትዌር ለሚያስተዳድረው ለአፓቺ ፋውንዴሽን እናቀርባለን። መጀመሪያ የምንገባው ኢንኩቤተር ነው፣ አዲስ የመጣ ፕሮጀክት የሚፈተንበት። ኮድ የጻፈ ሁሉ መፈረም አለበት። ከአገር የወጡትን ፈልጉልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ የሰርቨሩን ኪራይ ማን ሊከፍል ነው? አፓቺ ለፕሮግራመር ደሞዝ አይከፍልም። እድሮቹ ሲደውሉ ስልክ የምናነሳው እኛው ነን። ይሄ ረቂቁ ላይ የለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሎጎውስ? በደንባቸው ስሙም ሎጎውም ወደ እነሱ ይዞራል። ጀበናዋን የሣልኳት እኔ ነኝ፣ ማንም አላማከረኝም።

ከቦሌ፦ ስለ ሎጎ ነው የምናወራው? የደረሰኝ ማተሚያው የሚጠቀመው ላይብረሪ (ሌላ ሰው የጻፈው ኮድ) ፈቃዱ ጂፒኤል ነው፤ አብሮት የሚለቀቀውም በዚያው ፈቃድ እንዲሆን ያስገድዳል። አፓቺ እሱን ይዘን እንድንለቅ አይፈቅድም። መጀመሪያ ይሄ ይቀየር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የእድሩ ጸሐፊ ኮምፒውተሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ጀበናዋን ነው። የኦራክል የፕሮግራም መሥሪያ ጃቫ ኢኢ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ኢክሊፕስ ፋውንዴሽን እንዲሄድ ሲወሰን ኦራክል ጃቫ የሚለውን ስም አልለቀቀም፤ ጃካርታ ኢኢ ተብሎ ቀረ። እነሱ ያልሰጡትን እኛ ለምን እንሰጣለን?

ከስቶክሆልም፦ ስሙ ስላልተለቀቀ እኮ እ.ኤ.አ. በ2020 የፓኬጆቹ (የኮድ ክፍሎቹ) ስም ሁሉ ተቀየረ፤ ስንቱ ፕሮግራመር ኮዱ ውስጥ ስሞቹን ሲያስተካክል ከረመ። ኮዱ ላይ ያለህ መብት ደግሞ የትም አይሄድም፣ ፈቃድ ነው የምትሰጠው። የሚዞረው የንግድ ምልክቱ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔስ ስለ ምን ሆነና የምጮኸው? ስለ ምልክቱ ነዋ!

ከቦሌ፦ ስንት ጊዜ አንድ መስመር ኮድ ሳታስገባ ለሎጎ ሲሆን መጣህ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ኮዱ ውስጥ መግቢያዬን የዘጋችሁት እናንተ! ሎጎዬን አውጡና የፈለጋችሁትን አድርጉ።

ከጎንደር፦ ልጆች፣ ተዉ እንጂ። በዚህ ከቀጠላችሁ እኔ አልፈርምም።

ከቦሌ፦ እሺ ጋሼ። ተናድጄ ነው። መግቢያህን ዛሬ እከፍትልሃለሁ።

ሰብሳቢዋ፦ ፊርማ አሰባስባለሁ ያልከው የዱባዩ ልጅ፣ የት ደረስክ? ደብዳቤውን የሚጽፉትስ?

ሰብሳቢዋ፦ ማንም የለም?

ከስቶክሆልም፦ የኮድ መጻፊያው ኔትቢንስ እንኳ ኦራክልን የሚያህል ድርጅት ሰጥቶት እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2019 ኢንኩቤተር ውስጥ ነበር። እኛ ፊርማ የሚሰበስብ ሰው አጥተናል።

ከጎንደር፦ ለምን የቀን መቁጠሪያውን ብቻ አንለቅም? ጳጉሜን 5 ሲሆን፣ 6 ሲሆን፣ ያውቃል። ለ13ኛው ወር መዋጮ አይቆርጥም። ጂፒኤል አልነካካውም፣ የጻፍነውም ሁለታችን ነን። ሌላ ቦታ ያየሁት ፕሮግራም ጳጉሜን ላይ ሙሉ ወር ያስከፍል ነበር፤ ጡረተኛ ሰው ተጨማሪ ተቆርጦበት ሲከራከር አይቻለሁ። ለሰው የሚተርፈው ይሄ ነው።

ከቦሌ፦ ለእሱ ፋውንዴሽንም አያስፈልግ። ማንም እንዲጠቀምበት የሚፈቅደውን የአፓቺ ላይሰንስ 2.0 እናደርግለትና በራሳችን ስም እንለቀዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ በዚህ እስማማለሁ። የእድሮቹ አገልግሎት ግን እንዳለ ይቆይ፣ ክፍያውም ጭምር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሎጎዋ ካልተነካች ተቃውሞ የለኝም።

ሰብሳቢዋ፦ እኔ ኮዱ ከእኛ በኋላም ባለቤት እንዲኖረው ብዬ ነበር። ይሁን፣ የፋውንዴሽኑን ክፍል አውጥቼ ረቂቁን እቀይረዋለሁ።

ከቦሌ፦ ላይሰንሱን ማታ አስገባለሁ። ጋሼ፣ አብሮዎት የጻፈውን ሰው ስልክ በውስጥ ይላኩልኝ። ያለ እሱ ፈቃድ አይለቀቅም።

ከጎንደር፦ ስልኩን ቀይሯል። ወንድሙን እጠይቃለሁ።